ቀዳዳ የማይወደው ጀልባ ሠሪ

ሄለን ቤይ፣ ኒውፋውንድላንድ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1998

ለተከበርሽው የወንድሜ ልጅ ልጅ፣ ለሮንዳ ጉሊፎርድ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በሙሉ ጤና ያግኝሽ። የባሕሩም የየብሱም ጌታ በዚያ በሩቁ የአልበርታ ሜዳ እጅሽን ከመዶሻ፣ ጉንጭሽን ከውርጭ ይጠብቅልኝ። እኛ አለን። በረዶው መስኮታችን ድረስ ወጥቷል፣ ግን አለን።

ይሄ ሰውዬ ማነው እንዳትዪ፣ የአባትሽ የዊልፍ አጎት ሰልቢ ነኝ። በዓይን ተያይተን አናውቅም፤ የልጅነት ፎቶሽ ግን ከምድጃችን በላይ ተሰቅሏል። ባለቤቴ ድሩሲላ ባየችው ቁጥር “አፍንጫዋ የጉሊፎርድ ነው፣ እግዜር ይርዳት” ትላለች። ስልክ ያልደወልኩልሽ ጆሮዬ ስለደከመ ነው። በስልክ ሳወራ እንደምጮኽና የባሕር ወሽመጡ ሰው ሁሉ ምስጢራችንን እንደሚያውቅ ድሩሲላ ነግራኛለች።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከጎረቤት ላይ አንድ አሮጌ ተጎታች ቤት ገዝቻለሁ። ከመኪና ኋላ የሚጎተት፣ አልጋም ምድጃም ያለው፣ ሰው በጋውን የሚያሳልፍበት ዓይነት። ጣሪያው ያፈሳል፤ ወለሉ በአልጋው በኩል ስትረግጪው ውሃ የነካው ዳቦ ይመስል ስርጉድ ይላል። ሰው ሁሉ ጣለው ይለኛል።

የገዛሁት ለድሩሲላ ነው። ሸርጣን ፋብሪካ ውስጥ በዚያ እንፋሎት ስትሠራ ኖራ ሳንባዋ ተጎዳ። ሐኪሙ እርጥበት ጠላትሽ ነው፣ ጀልባ ላይ እንዳትወጪ ብሏታል። እሷ ደግሞ የምትለምነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመሞቷ በፊት አንድ በጋ የድሮ መንደራችን ተር ኮቭ ማደር። መንግሥት ከዚያ አስነስቶን፣ ቤታችንን ከነጣሪያው ባሕር ላይ አንሳፈን በጀልባ ጎትተን ወደዚህ ከመጣን ሠላሳ ዓመት አለፈ። ያን ቀን ድሩሲላ ከቤቴ አልወርድም ብላ ፎቅ ላይ መስኮት ዳር እንደተቀመጠች ነው የተሻገረችው። አሁን እንጨት ቆራጮቹ እስከ ተር ኮቭ ጀርባ ድረስ መንገድ አውጥተዋል። እዚያ ጠጠር የተዛቀበት ሰፊ ካባ አለ፣ በጋ ሲሆን ሰው ሁሉ ተጎታቹን እየጎተተ ካባው ውስጥ ይሰፍራል። እኛም በሜይ ወር ለሚውለው ለንግሥቲቱ በዓል እንድንወጣ ነው ሐሳቤ።

አባትሽ ለገና በጻፈልን ካርድ ላይ ተጎታች ቤት መጠገን ሥራሽ እንደሆነ አየሁ። በይ እንግዲህ ንገሪኝ፤ ጠብታ እንዳያስገባ በምን ልሸፍነው?

አጎትሽ ሰልቢ


ሬድ ዲር፣ አልበርታ
ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1998

ለውድ አጎቴ ለአቶ ሰልቢ ጉሊፎርድ፣

እንደምን አሉልኝ? አክስቴ ድሩሲላስ እንዴት ናቸው? ለሁለታችሁም ጤናና ቀላል ክረምት እመኛለሁ። ደብዳቤዎን ጋራዡ ውስጥ ምሳዬን እየበላሁ አነበብኩት። ስለ አፍንጫዬ የተባለውን ለሥራ ባልደረቦቼ ካነበብኩላቸው ወዲህ ከአፍንጫዬ ሌላ የሚያዩት ነገር የለም።

ቤቱን እንዳይጥሉት። ከጣሪያው ይጀምሩ። ውሃ ተንኮለኛ ነው፣ በፊት በኩል ገብቶ በኋላ በኩል ይወጣል፣ ስለዚህ የረጠበውን ቦታ አይመኑት። የጣሪያውን ጠርዝ ብሎኖች ሁሉ ፈተው አሮጌውን ማሸጊያ ይፋቁና እኔ የምልከውን እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ጥቅልል ከሥር አንጥፈው ብሎኖቹን መልሰው ያጥብቋቸው። የበሰበሰውን ወለል እስከ ደህናው እንጨት ድረስ ቆርጠው ያውጡ፣ አይዘኑለት። ጎማዎቹን ፈተው ኩሺኔታውን ግራሶ ይቀቡት። ጥቅልሉን ዛሬ በፖስታ ልኬያለሁ።

ስለ ተር ኮቭ አባቴን ጠየቅሁት። “ብርድ ነው” አለኝና ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረ።

የእርስዎው ሮንዳ


ሄለን ቤይ
ማርች 16 ቀን 1998

ለብልህዋ ልጄ ለሮንዳ፣

እጅሽ ይባረክ። የላክሽው ዕቃ ደርሷል፣ ጌታ ብድርሽን ይክፈልልኝ። እንደዚያ ያለ ማሸጊያ በጎልማሳነቴ አግኝቼ ቢሆን ኖሮ ጀልባዎቼ እስካሁን አዲስ ነበሩ።

የሠራሁትን ስሚ። ወለሉን እንዳልሽው እስከ ደህናው እንጨት ቆረጥኩ። ኮምፔንሳቶ ግዛ ብለውኝ ነበር፤ እንቢ አልኩ። ባለፈው ዓመት ከጫካ ያመጣሁት ላርች የሚባል የደረቀ ጠንካራ እንጨት ነበረኝ፣ እሱን ልጌ፣ ጫፍና ጫፉን በሰያፍ ቆርጬ እንደ ጀልባ አጥንት አጋጠምኩት። አሁን ላዩ ላይ ፈረስ ብታስጨፍሪበት ድምፅ አያወጣም።

ከዚያ ወደ ማሸጉ ዞርኩ። መቼም ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች ምን ዓይነት ሰነፎች እንደሆኑ ብነግርሽ አታምኚኝም። በየመስኮቱ ክፈፍ ግርጌ ትንንሽ ቀዳዳ ትተዋል! አንድም መስኮት አልቀራቸውም። ሁሉንም ቃጫ በሬንጅ እየነከርኩ ጠቀጠቅኳቸው። ጣሪያው መሐል የነበረው የአየር ማስወጫም ክዳኑ ተሰንጥቆ ያፈስ ነበር፤ ነቅዬ ጣልኩና በላሜራ ዘጋሁት። ከሥር ሆዱን ሬንጅ ቀባሁት። በር ላይ ሳይቀር የጎማ ከንፈር አደረግሁለት፣ ሲዘጋ ጆሮሽን ጭው ያደርገዋል። አሁን ይሄን ቤት ባሕር ላይ ብትለቂው አየርላንድ ሳይደርስ አይቆምም።

ድሩሲላ ዞር ዞር ብላ አየችውና “የሬሳ ሣጥን እንኳ እንዲህ አይታሸግም” አለች። ወዳዋለች ማለት ነው። ደረቷ በዚህ ሳምንት ትንሽ አስቸግሯታል፣ ግን ምንም አይደል።

አጎትሽ ሰልቢ


ሬድ ዲር
ማርች 30 ቀን 1998

ለውድ አጎቴ፣

ሰላምና ጤና ለእርስዎና ለአክስቴ ይሁን። ወለሉን በሠሩበት አሠራር ከልቤ ቀንቻለሁ። ሥዕል አድርገው ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል፣ እኛ ጋ እንዲህ የሚያጋጥም ሰው የለም።

ቀጥሎ የምጽፈውን ግን ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ለታላቅ ሰው እንዲህ አይባልም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አጎቴ፣ እነዚያን ቀዳዳዎች ይክፈቷቸው። ስንፍና አይደሉም፣ ሆን ተብለው የተበሱ ናቸው። በመስኮቱ ክፈፍ የገባ ዝናብ የሚወጣው በእነሱ ነው። ሲደፈኑ ውሃው ወደ ግድግዳው ይዞራል።

ይሄ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ጀልባ ሲሆን ውሃው ውጭ ነው፣ እርስዎም እንዳይገባ ነው የሚታገሉት። ተጎታች ቤት ውስጥ ግን ውሃው ከእኛው ነው የሚመጣው። ከትንፋሻችን፣ ከሻይ ማንቆርቆሪያው፣ ከረጠበ ካልሲ። መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ከልባሱ ሥር ገብቶ ይሻግታል። ሻጋታ ለጤነኛ ሰው እንኳ መጥፎ ነው። ሳንባቸው ለተጎዳ ሰው ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ሐኪማቸው ይንገርዎ። እባክዎ አክስቴን እዚያ ውስጥ ከማስተኛትዎ በፊት ይክፈቱት። የጣሪያውንም መልሰው ይብሱት።

እንዳይቀየሙኝ።

ሮንዳ


ሄለን ቤይ
ኤፕሪል 13 ቀን 1998

ለሮንዳ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ጀልባ ሠርቻለሁ፣ እኔ በሠራሁት ጀልባ የሰመጠ ሰው የለም። ሰልቢ ጉሊፎርድን ቀዳዳ ክፈት ያለው ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ፋብሪካውን የምታምኚ ከሆነ ፋብሪካው ሠርቶ የላከው ቤት ለምን በሰበሰ?

ከእንግዲህ ሌላ ዕቃ አያስፈልገኝም፣ ስለ ድካምሽ አመሰግናለሁ። ለበዓሉ እንወጣለን።

ድሩሲላ ሰላም ብላሻለች። ደብዳቤሽን ወስዳ ሁለት ጊዜ አነበበችውና አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። እሷ እንዲህ ስታደርግ ደግሞ አልወድም።

ሰልቢ


ሬድ ዲር
ኤፕሪል 27 ቀን 1998

ለውድ አጎቴ፣

ዛሬም የምጀምረው ጤናዎን በመጠየቅና ረጅም ዕድሜ በመመኘት ነው። ቢቆጡኝም አጎቴ ነዎት። ደግሞ ቁጣዎ ቁርጥ የአባቴን ቁጣ ነው፤ ለምጄዋለሁ።

ሳይጠይቁኝ አንድ ሣጥን ልኬያለሁ። ውስጡ የጣሪያ አየር ማስወጫ አለ፣ ክዳኑ ከውስጥ በእጅ እየተዘወረ የሚከፈት፣ ዝናብም ቢዘንብ የማያስገባ። ካልፈለጉት የዶሮ ቤት ላይ ይግጠሙት። ዶሮዎቹ ያመሰግኑኛል።

ክርክሩን አልቀጥልም። ደብዳቤዎቹን ግን ለአባቴ ሰጠሁት። ስለ ተር ኮቭ እንኳን ሊያወራ ስሙ ሲነሳ ክፍሉን ለቅቆ የሚወጣ ሰው ቃጫውና ሬንጁ ጋ ሲደርስ ሳቀ። አጎቴ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ! እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ብዕሬን ነጠቀኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሱ ጽሑፍ ነው።

ሮንዳ

አጎቴ ሰልቢ፣ እንደምን አለህ። ልጅ ሆኜ ጀልባ መሥሪያ ጎጆህ ውስጥ ሥራ ስታስተምረኝ የጀልባውን ጎን ቀዳዳዎች፣ ላዩ ላይ የወጣ ማዕበል ተመልሶ የሚፈስባቸውን፣ የረሳሃቸው መስሎኝ ሁሉንም በሬንጅ ደፈንኩልህ። ትመርቀኛለህ ብዬ ስጠብቅ በጥፊ አጮልከኝ። “ማዕበሉ ከገባ በየት ይውጣ፣ በአፍህ?” ነበር ያልከኝ። አሁን አንተ ራስህ ምንድነው የሠራኸው? ዊልፍ።


ሄለን ቤይ
ጁን 8 ቀን 1998

ለልጄ ለሮንዳ፣

በመጀመሪያ የእግዚአብሔር ሰላም በቤታችሁ ይብዛ፣ አንቺንም አባትሽንም ከክፉ ይሰውራችሁ። መልስ የዘገየው ስለተቀየምኩ አይደለም። መጀመሪያ ላይ አዎ፣ ተቀይሜ ነበር። ኋላ ግን የምጽፍበት እጅ አጣሁ።

የአባትሽን ጽሑፍ ሳነብ ጆሮዬ ጋለ። ወረቀቱን ከሰዓቱ ኋላ ደበቅሁትና አላየሁም አልኩ። ለበዓሉ በረዶ ጣለ፤ ስለዚህ ለሙከራ እዚሁ ጓሮ ውስጥ እንደር አልኳት። ድሩሲላ አየችኝ። “የልጅቷን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ እኮ” አለች። “እኔ ነኝ የሠራሁት” አልኳት። “እሺ” ብላ ገባች። ሮንዳ፣ እንቢ ብትለኝ ኖሮ!

ጠዋት ስነሳ ግድግዳው ላይ ውሃ ይወርዳል። መስኮቱም ጣሪያውም ያለቅሳል። ድሩሲላ ቁጭ ብላ በሁለት እጇ አልጋውን ይዛለች፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። የምትለኝን አልሰማም፣ ኋላ ሲገባኝ ምንም እያለች አልነበረም። በሩን ልከፍት ስል ያ የጎማ ከንፈር አልላቀቅ አለኝ፣ በትከሻዬ ሰበርኩት። አምቡላንስ መጥቶ ወሰዳት። ከሳምንት በላይ ሆስፒታል ተኛች። አጠገቧ ተቀምጬ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ስቆጥር ዋልኩ፤ ከዚያ ሌላ የማውቀው ሥራ አልነበረኝም።

አሁን ቤቷ ገብታለች፣ ተመስገን። የመጣች ዕለት መሮዬን ይዤ ተጎታቹ ውስጥ ገባሁና የግድግዳውን ልባስ ገነጠልኩት። ውስጡ ጥቁር ነበር። በኤፕሪል እኔ ራሴ ካለበስኩት ገና ሁለት ወር ያልሞላው ጥሩ እንጨት! ሁሉንም አውጥቼ አቃጠልኩ። ቃጫውን በሽቦ አንድ በአንድ ጎልጉዬ አወጣሁት። ከአንደኛው መስኮት ግርጌ የተጠራቀመ ውሃ እግሬ ላይ ፈሰሰ።

የጣሪያው ነገር ከበደኝ። መሰላል ላይ ወጥቼ መጋዙን እንደያዝኩ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ጤነኛ ነገር ላይ ቀዳዳ መብሳት እጄ እንቢ አለኝ። ድሩሲላ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ከደጃፉ ወንበሯ ላይ ሆና “ቁረጥ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ወይስ እኔ ልውጣ?” ብላ ስትጮኽ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ቆረጥኩ። የላክሽው ክዳን ልክክ ብሎ ገባ።

እሷ ግን አሁን አልገባበትም ትላለች። “ቤቱንም እኔንም አፍነህ ልትጨርሰን ነበር። መጀመሪያ አንተ ብቻህን እደርበት፣ ግድግዳውን በእጄ ዳስሼ ደረቅ ከሆነ እናያለን” ብላ ፈርዳብኛለች። ሐኪሙም በጁላይ መጀመሪያ አይቷት ይወስናል። ስለዚህ በዚህ ዕድሜዬ ከሚስቴ ተባርሬ ጓሮ ነው የማድረው። ጠዋት ጠዋት በሌሊት ልብሷ ትመጣለች፣ ግድግዳውን ትዳስሳለች፣ ተመልሳ ትገባለች።

ዊልፍን ንገሪው፤ ያንን ጥፊ የመመለስ መብት አለው። ጉንጬ እዚሁ ይጠብቀዋል።

አጎትሽ ሰልቢ


ሬድ ዲር
ጁን 22 ቀን 1998

ለውድ አጎቴና ለውድ አክስቴ፣

እግዚአብሔር እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ደብዳቤዎን ቆሜ ጀምሬው፣ ከንፈራቸው ጠቆረ የሚለው ጋ ስደርስ ተቀመጥኩ። ቶሎ ደውዬ ብጮኽ ኖሮ ብዬ ራሴን ወቅሻለሁ። እርስዎ ግን ራስዎን አይውቀሱ። ለእሳቸው ብለው እንጂ ለሌላ አላሸጉትም።

ሲተኙ ክዳኑን ጣት በምታህል ክፍተት ይተዉት፣ አንዱን መስኮትም እንዲሁ። ብርድ ቢሆንም ይተዉት፤ ብርድ በብርድ ልብስ ይመለሳል። ፍራሹ ከግድግዳው ጋር እንዳይጣበቅ፣ ከሥሩም አየር እንዲያልፍ የእንጨት ርብራብ ያድርጉለት። ይሄን መቼም ከእኔ ይልቅ አሳምረው ይሠሩታል።

ሐኪሙ ምን አለ? ሌላ ምንም አይጻፉልኝ፣ እሱን ብቻ ይጻፉልኝ።

ስለ ጥፊው ለአባቴ አነበብኩለት። ትናንት ጋራዥ ገብቶ የድሮ መላጊያውን ሲስል አየሁት። የሚላግ እንጨት ቤታችን ውስጥ የለም። አልጠየቅሁትም።

የእናንተው ሮንዳ


ተር ኮቭ፣ ከጠጠሩ ካባ
ጁላይ 19 ቀን 1998

ለልጄ ለሮንዳ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ከደረቁ ቤት ይድረስሽ። ጌታ ያሰብሽውን ሁሉ ያሳካልሽ፣ ልጅ ሆነሽ አዛውንት ስለመከርሽ ዕድሜሽን ያርዝመው።

ሐኪሙ ያለው ይኸውልሽ። ሳንባዋን አዳምጦ ሲያበቃ “የት ነው የምታድሪው?” አላት። እሷም የሆነውን ሁሉ፣ የእኔን ውርደት አንዱንም ሳታስቀር አወራችለት። ሰውዬው ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ከዚያ “ግድግዳው ደረቅ ከሆነ ሂጂ፣ መድኃኒትሽን ግን እንዳትረሺ” አላት። በማግስቱ ጠዋት መጥታ ግድግዳውን ስትዳስስ ቆየች። “ደረቅ ነው” አለች። እኔን ሳታየኝ ነው ያለችው፣ ግን ወደ ቤት ገብታ ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች።

ካባው ውስጥ ጎረቤት አለን፣ ሁለት ተጎታች ቤት ብቻ ነው። ሰዎቹ የላርቹን ወለል አንዴ ካላየን ብለው በየቀኑ ይመጣሉ። ለዊልፍ ንገሪው፣ ከጎናችን ደልዳላ ቦታ አለ፣ ከነፋስ የተከለለ። ብርድ ነው ያለው እውነቱን ነው፣ ቢሆንም ይምጣ።

አሁን የምጽፍልሽ ግን ስለ መጀመሪያው ጠዋት ነው። ስነቃ አልጋዋ ባዶ ነው። በሩ ተከፍቷል፣ መድኃኒቷ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ። ወደ ባሕሩ የሚወርደውን መንገድ ይዤ ስሮጥ ቀና ስል፣ ቤተ ክርስቲያኑ የነበረበት ጉብታ ጫፍ ላይ ቆማለች። አንድ እጇ ደረቷ ላይ ነው፣ አፏ ይከፈታል ይዘጋል። አየር አጠራት አልኩ። ያን ጉብታ በጎልማሳነቴም እንደዚያ ወጥቼው አላውቅም።

አጠገቧ ስደርስ የወደቅሁት እኔ ነኝ። ጉልበቴ ሣሩ ላይ አረፈ፣ ትንፋሼ እንደ አሮጌ ወናፍ ይፋጫል። ድሩሲላ ቁልቁል አየችኝ፣ “ደግሞ አንተን ምን ነካህ?” አለችኝ። ጉንጯ ቀልቷል። ከንፈሯም ቀይ ነው።

ያን ጊዜ ነው የምታደርገው የገባኝ። ድሮ ምሳ ሲደርስ ሴቶቹ ከዚያ ጉብታ ሆነው ባሕር ላይ ያሉ ወንዶቻቸውን በየስማቸው ይጠሩ ነበር። እሷ ያንን ነበር የምታደርገው። አንድም ቤት ወደሌለበት ቦታ ፊቷን አዙራ፣ ከወሽመጡ አፍ ጀምራ ቤት ሳትዘልል ትጣራለች። ኤልያም ሃይንስን ጠራች። የፓይክን ልጆች ሦስቱንም ጠራች። አባትሽንም ጠራች፣ ያኔ ሲጠራ ቶሎ አይመጣም ነበርና ሁለት ጊዜ ጠራችው። በየስሙ መሐል ትንፋሽ ትስባለች፤ ረጅም፣ ሙሉ ትንፋሽ።

የእኛ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ስትደርስ “ሰልቢ!” ብላ ጮኸች።

ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁት። “አቤት” አልኳት።

አጎትሽ ሰልቢ